ከቀሚሱ ጠርዝ

ይድረስ ለምሳሳልሽ እናቴ። እንዴት ነሽ እማዬ፣ ጉልበትሽስ እንዴት ይዞሻል፣ ያ ሳልሽስ ለቀቀሽ ወይ፣ አባባስ ዓይናቸው ተሻላቸው? እኔ ደህና ነኝ፣ ፍርሃቱ ነው እንጂ ሌላ ምንም አልሆንኩም፣ ልጄ ሚጢጢም ያው እንደምታውቂያት ናት፣ አፏ አይደክም፣ ሐኪሙን አንተ ረጅሙ እያለች ነው የምትጠራው።

በስልክ ስነግርሽ አልቅሰሽ ዘጋሽብኝ፣ ስለዚህ ቀስ ብለሽ እንድትሰሚኝ ብዬ ነው የምጽፍልሽ፣ ጽሑፌ ቢወለጋገድም እህቴ ታንብብልሽ። ሚጢጢ ስትወለድ አንጀቷ ተጠማዞ ሞቶ ቆርጠው እንዳወጡት ታውቂያለሽ፣ የቀረው አጭር ነው፣ ምግብ አይይዝላትም፣ እስካሁን ያቆያት ደረቷ ላይ በገባው ቀጭን ቱቦ በደም ስሯ የሚፈስላት ምግብ ነው። እሱ ደግሞ አሁን ጉበቷን ጎዳው፣ ዓይኗ ቢጫ ሆኗል። አንቺ ትንሽ ትንሽ አብያት፣ ይለምድላታል ትይኛለሽ፣ በማብላት ብትድንልኝማ ኖሮ ስንቱን ባበላኋት! ዳቦ አላምጣ ትተፋለች፣ አፏ መብላት እንዳይረሳ ነርሷ ያስተማረችን ነው፣ እሷ ግን ጨዋታ መስሏት እኔንም ትፊ፣ ትፊ፣ እንዳትውጪ! ትለኛለች።

ረጅሙ ሐኪም ካንቺ አንጀት ቆርጠን ለሷ መትከል እንችላለን አለኝ፣ መረመሩኝ፣ ገጠመ። ሰው አንጀቱን ሰጥቶ ይኖራል እንዴ፣ ሁለታችሁንም ልቅበር ነው? አልሽኝ። እኔም ሐኪሙን ይህንኑ ጠየቅኩት። ያንቺ ረጅም ነው፣ ከፊሉ ቢወሰድ የቀረው ይበቃሻል አለኝ፣ አልደበቀኝም ደግሞ፣ ሰውነቷ እንግዳውን አንጀት አልቀበልም ሊል ይችላል፣ ይህን የሚከላከለውን መድኃኒትም ዕድሜ ልኳን ነው የምትውጠው አለኝ። ሥራ ገብቼ የስፌት መኪናው ላይ አቀርቅሬ ሳለቅስ ያ አበባ ያለው ሰፊ ቀሚስሽ ትዝ አለኝ። ትምህርት ቤት ልገባ ልብስ ሳጣ ከታች ቆርጠሽ የኔን ሰፋሽልኝ፣ ጎረቤት ምነው አጠረብሽ ሲልሽ እንዲያውም ጭቃ አይነካኝም ብለሽ አሳቅሻቸው፣ ከዛ በኋላ ስንት ዓመት ለበስሽው እማዬ!

ስለዚህ ወስኛለሁ፣ ቀዶ ጥገናው ሐሙስ ነው። እፈራለሁ፣ ግን አልመለስም፣ አትከልክዪኝ፣ መርቂኝ ብቻ።

የአባባን እጅ ሳሚልኝ፣ እህቴን አይዞሽ በያት፣ ትንሹን ወንድሜን ደግሞ ጆሮውን ቆንጥጠሽ ሳሚልኝ። ሚጢጢን ለአያትሽ ምን ልጻፍላት ብላት፣ መጥቼ ዳቦ አብሬያት እበላለሁ፣ አልተፋም በያት አለችኝ።

ልጅሽ
ከስፌት ቤቱ፣ ሚያዝያ 9