ከአርባ አንድ ገጽ አንዷን ላነበቡት ሰብሳቢ፣ ከታችኛው ሰፈር ታንከር ጎታቾች

ለክቡር ሚስተር ቨርኖን ሃልስታድ
የካውንቲው የመናፈሻዎች ኮሚሽን ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ ራስዎ፣ የተከበሩት ባለቤትዎ፣ እንዲሁም በላይኛው ሰፈር ከጥዱ ጥላ ሥር ያለ ሐሳብ የተንጣለለው ቤትም መኪናም የሆነው ባለ አርባ ጫማ የሞተር ቤታችሁ እንደምን ከርማችኋል? እኛ የታችኛው ሰፈር ሰዎች፣ ካለፈው ሐሙስ በስተቀር፣ በጣም ደህና ነን።

እኔ ሊኔያ ቦርስታድ እባላለሁ። ባለፈው ሜይ በውሃና ፍሳሽ ምህንድስና ተመርቄ፣ የምረቃ ካባዬን ሳልመልስ አባቴ ያዋሰኝን አሥራ ሦስት ጫማ ተጎታች ቤት እየጎተትኩ ኤልስቢ ሐይቅ መናፈሻ የገባሁ፣ የአሥራ አንድ ቁጥር ነዋሪ ነኝ። ይህን የምጽፈው ደብዳቤዬን ለሚያወጣው ጋዜጣ አንባቢ ነው እንጂ ለእርስዎ ማንነቴን ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ እርስዎማ ሐሙስ ዕለት በየውሃ ቧንቧው ምሰሶ ላይ ባስለጠፉት ማስታወቂያ ስሜን ከነሙያዬ በደማቅ ቀለም አስፍረውልኛል። «በሚስ ሊኔያ ቦርስታድ ጥናት መሠረት» ይልና ይጀምራል፣ «ከዛሬ ጀምሮ በመናፈሻው መንገዶች ላይ ተንቀሳቃሽ የፍሳሽ ታንከር መጎተትም ሆነ መሸከም ፈጽሞ የተከለከለ ነው።» ልትጠይቀኝ የመጣችው እናቴ የመጀመሪያውን መስመር አይታ ፎቶ ልታነሳው ስልኳን አውጥታ ነበር። ሁለተኛውን ስታነብ መልሳ ኪሷ ከተተችው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። የላይኛው ሰፈር ባለ ትላልቅ ቤቶች በየደጃቸው የፍሳሽ ቱቦ አላቸው። የታችኛው ሰፈር የለውም። የእኛ ትንንሽ ተጎታቾች የሚይዙት የሦስት ቀን እጣቢ ብቻ ስለሆነ፣ ሲሞላ ባለ ጎማዋን ትንሽ ታንከር ከሥር አስጠግተን፣ ቱቦውን ገጥመን፣ ቫልቩን ከፍተን እንሞላና፣ እጀታውን ከመኪናችን ኋላ አንጠልጥለን፣ በእግረኛ ፍጥነት ግማሽ ማይል ዳገት ወጥተን፣ መናፈሻው ባለው አንድ መድፊያ እንደፋለን። መጀመሪያ የሽንት ቤቱን፣ ቀጥሎ ቱቦውን እንዲያጥበው የዕቃ ማጠቢያውን። ቀድሞ የደፋ ሰው ክዳኑን አጥቦ ለተከታዩ ያስረክባል፤ ይህን የሚያዝ ደንብ የትም አልተጻፈም፣ ግን ሳያጥብ የሄደ ሰው አላየሁም። አሥራ ሰባት ቤት ነን፤ አብዛኛው ሰው ከሰባ ዓመት በላይ ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ ቃልዎ አመሰግናለሁ። በጁን ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ለታችኛው ሰፈር አንድ መድፊያ ይሠራልን ብዬ ስለምን፣ እርስዎ መነጽርዎን ግንባርዎ ላይ ሰቅለው «የኔ እህት፣ እዚህ አዳራሽ ስሞታ ሞልቷል፤ የጎደለን ቁጥር ነው። ቁጥር ይዘሽ ነይ፣ እስክሪብቶዬ ክዳኑን ከፍቶ ይጠብቅሻል» ማለትዎን ቃለ ጉባኤው ይመሰክራል። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም በደስታ ከወንበሬ ልወድቅ ነበር። ከጎኔ የተቀመጠችው የስምንት ቁጥሯ አይሪን ሾልትስ፣ ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ውሸታም ልጅ በመስታወት መለየት የለመደች ሴት፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አንቺ ልጅ፣ ሰውየው እኮ እሠራለሁ አላለም፤ እስክሪብቶ አለኝ ነው ያለው» አለችኝ። ተቆጣኋት። ሰው ሲያረጅ ተስፋ የማይታየው ለምንድን ነው ብዬም ፊቴን አዞርኩባት። ይኸው ዛሬ በአደባባይ ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ እርስዎም ቢተባበሩኝ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛ፣ ስለ ሜትሩ አመሰግናለሁ። በጁላይ አጋማሽ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ ሁለት ቀያሾች መጥተው በታችኛው ሰፈር ካስማ መትከል ሲጀምሩ፣ ሮጬ ሄጄ «ምንድን ነው የምትቀይሱት?» ብላቸው፣ አንደኛው «የፍሳሽ መስመር» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ሰውየውን አልወቅሰውም። ሎሚ በስኳር በጥብጬ አጠጣኋቸው፤ ሦስተኛ ሰው ስላልነበራቸውም የሜትሩን ጫፍ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ያዝኩላቸው፤ «ጠበቅ አድርጊው» ሲሉኝ ጠበቅ አደረግኩት። በየሦስት ቀኑ ታንከር የምንጎትትበት ዳገት ቀረልን ብዬ ማታ ለአባቴ ደወልኩ። ሐሙስ ዕለት ከማስታወቂያው ጎን በቢሮው መስኮት የተለጠፈውን ካርታ ሳይ ነው፣ ያ መስመር በሚቀጥለው በጋ ለሚገቡ ዘጠኝ ሰፋፊ የሞተር ቤቶች ማረፊያ መሆኑን የተረዳሁት። አሥራ ሰባቱ የእኛ ቦታዎች በካርታው ላይ የሉም። እኔ ገና ቁጥር ስለቅም እርስዎ ቦታውን ለክተው ጨርሰው ኖሯል፤ ጫፉን የያዝኩት ደግሞ እኔው ራሴ ነኝ።

ሦስተኛ፣ ስለ ገጽ ዘጠኝ። ይህኛው ረዘም ይላልና ይታገሡኝ።

ጥናቴ አርባ አንድ ገጽ ነው። ሁለት መቶ አሥራ አራት የታንከር ጉዞ ቆጥሬ፣ ግማሹን በገዛ መኪናዬ ጎትቼ፣ የዳገቱን ተዳፋትነት ለክቼ፣ አዲሱ መድፊያ የት ቢቆፈር እንደሚሻል በሦስት ሥዕል አሳይቼ ነው ያስረከብኩዎት። እርስዎ ከዚህ ሁሉ የወደዱት ገጽ ዘጠኝን ነው። ገጽ ዘጠኝ ላይ «በአሥራ ሁለት ቁጥር አንድ ታንከር ሞልቶ ፈሷል» ይላል።

አሥራ ሁለት ቁጥር ጎረቤቴ ኦርቪል ፔተርካ ናቸው። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ሠላሳ አንድ በጋ እዚያችው ቦታ ላይ ቆመዋል፤ ሃያ ስድስቱን ከባለቤታቸው ከዶሎሬስ ጋር፣ አምስቱን ብቻቸውን። ታንከር መሙላት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲው ስለ ግፊትና ስለ ፍሰት እንጂ የአየር ማስወጫውን ክዳን ሳይከፍቱ መሙላት ምን እንደሚያደርግ አላስተማረኝም ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ኢንጂነሯ» ነው የሚሉኝ። ያን ቀን ቫልቩን ከፍተው፣ በሜይ ያመለጣቸውን ዓሣ ርዝመት በሁለት እጃቸው ሲያሳዩኝ፣ ታንከሩ ምን ያህል እንደሞላ የምታሳየውን መለኪያ ሁለታችንም ረሳናት። የተጎታቹ ሆድ ሃያ አምስት ጋሎን፣ የታንከሩ አሥራ አምስት ነው። የቀረውን ሣሩ ጠጣው። የሰሃን እጣቢ ነበር፤ ሳሙናና ሁለት ፍሬ አተር።

ኦርቪል ቀልተው ቆሙና «ኢንጂነሯ፣ ይቺን እንኳ መዝገብሽ ውስጥ አታስገቢያት» አሉኝ፤ «በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ጠብታ አፍስሼ አላውቅም። ዶሎሬስ ብትሰማ ዓሣውን ትተህ ቱቦህን ያዝ ትለኝ ነበር።» እኔም ሳቅኩና እሺ አልኩ። ከዚያ ሄጄ ጻፍኩት። እውነተኛ ተመራማሪ የማይመቸውን አይደብቅም ብዬ፣ መድፊያው ሩቅ ስለሆነ ሰው እስከ አፉ ለመሙላት ይገደዳል የሚለውን ለማስረዳት ብዬ፣ ስማቸውን ግን አልጻፍኩም፣ ቁጥሩን ብቻ ነው የጻፍኩት ብዬ። በዚህ መናፈሻ አሥራ ሁለት ቁጥር ማን እንደሆነ የማያውቅ ዳክዬ እንኳ የለም።

ማስታወቂያዎ ያንን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል አስፍሮ ሲያበቃ «በተረጋገጠው የብክለት አደጋ ምክንያት» ይላል። የእኔ ዓረፍተ ነገር ግን በነጠላ ሰረዝ ይቀጥል ነበር፤ አራት ነጥብ ያደረጉበት እርስዎ ነዎት። ሐሙስ ጠዋት ኦርቪል መነጽራቸውን አድርገው ምሰሶው ሥር ቆመው እስከ መጨረሻው አነበቡ። እኔ ከኋላቸው ቆሜያለሁ። ዞር ብለው አዩኝና «ጥሩ ተጽፏል፤ ምንም አይደል፣ ሚስ ቦርስታድ» አሉኝ።

ሚስ ቦርስታድ። ክቡርነትዎ፣ እርስዎ እኔን ከማታለልዎ በፊት እኔም ቃሌን በልቼ ነበር፤ ይህን አልክድም። ግን እኔ የጻፍኩት መድፊያ ያመጣላቸው መስሎኝ ነው። እርስዎስ ምን መስሎዎት ነው?

አራተኛ፣ ስለ ደግነትዎ። ማስታወቂያው ታንከር ለከለከላቸው ሰዎች መፍትሔ ማስቀመጥ አልረሳም፦ «ተጎታችዎን ከመኪናዎ ጋር አያይዘው በቀጥታ ወደ መድፊያው ይውሰዱ» ይላል። አርብ ዕለት ሞከርነው። ከኦርቪል ተጎታች ደጃፍ የተዘረጋውን የሸራ ዳስ አጣጠፍን፣ ተጎታቹ የቆመባቸውን አራት የድጋፍ እግሮች አነሣን፣ መብራቱንና ውሃውን ነቀልን፣ ሰሃኖቹን በፎጣ ጠቀለልን፣ አያያዝን፣ ወጣን፣ ደፋን፣ ተመለስን። ከዚያ በሁለት በርች ዛፎች መካከል ወደ ኋላ ማስገባት መጣ። አይሪን ከኋላ ቆማ እጇን እያወናጨፈች «ግራ! ግራ እኮ ነው ያልኩህ አንተ ሰውዬ!» ኦርቪል በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው «በማን ግራ ነው የምትይኝ?» «በኔ ነዋ! መሪ እኔ አይደለሁ?» «አንቺማ ፊትሽ ወደኔ ነው!» ስንስቅም፣ ስንጨቃጨቅም፣ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ፈጀብን። ይህ እንግዲህ በየሦስት ቀኑ መሆኑ ነው። ጨርሰን ስንቀመጥ ኦርቪል የታመመውን ትከሻቸውን ይዘው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉና «እንግዲህ እኔን ይበቃኛል መሰለኝ» አሉ። አይሪን ሰሃኖቹን ከፎጣ እየፈታች ወደ መደርደሪያቸው መመለስ ጀመረች።

አምስተኛ፣ ስለ ሥራው። ማስታወቂያው በተለጠፈበት ዕለት ከኮሚሽንዎ የደረሰኝ ደብዳቤ፣ «ላሳዩት ትጋት» የመናፈሻዎች ፍሳሽ ዕቅድ ረዳት አድርጎ ሊቀጥረኝ እንደሚወድ ይገልጻል። ከተመረቅኩ ጀምሮ ሠላሳ አራት ማመልከቻ ልኬ «እንመለስበታለን» ያላሉኝ እርስዎ ብቻ ስለሆኑ፣ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ ማንበቤን አልደብቅም። የመጀመሪያው ሥራዬ ዘጠኙን ማረፊያዎች መንደፍ እንደሚሆን በሦስተኛው አንቀጽ ተጽፏል። ስለተሰጠኝ ክብር ከልብ እያመሰገንኩ፣ አልቀበለውም። የሜትሩን ጫፍ አንዴ መያዝ ይበቃኛል።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ስሜን ከየምሰሶው ያንሱልኝ፤ ካላነሱልኝም አርባ አንዱንም ገጽ አብረው ይለጥፉ፤ ምሰሶው ይበቃል፣ ገጹን ለክቼዋለሁ። ሁለተኛው፣ በሴፕቴምበሩ ስብሰባ ለእያንዳንዱ ዜጋ የሚፈቀደው የሦስት ደቂቃ ንግግር ነው። አሥራ ሰባቱም ቤቶች ትናንት ተመዝግበዋል። ኦርቪል ፔተርካ «እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም» ብለው ነበር፤ ትናንት ጠዋት ግን በሬን አንኳኩተው ስማቸውን አስጻፉኝ። «ምን ሊሉ ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው «ሠላሳ አንድ ዓመት ስንት ጊዜ እንደወጣሁ እነግራቸዋለሁ፤ ቁጥር ይወዳሉ ብለሽኝ የለ» አሉኝ። እስከዚያ ቀን ዳሳቸውን አጥፈው እንደማይሄዱም ነግረውኛል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግን በእርስዎ እስክሪብቶ ላይ ነው።

እጄን በሳሙና ደጋግሜ ታጥቤ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣዎ፣ ለጊዜው ሥራ የሌለኝ፣ የገጽ ዘጠኝና እርስዎ ያላነበቧቸው የአርባ ገጾች ጸሐፊ፣

ሊኔያ ቦርስታድ
አሥራ አንድ ቁጥር፣ የታችኛው ሰፈር፣ ኤልስቢ ሐይቅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሐሙስ ጠዋት ክልከላው ሲታወጅ አሥራ አንዳችን ሙሉ ታንከሮቻችንን ይዘን ወደ መድፊያው በመውጣት ላይ ነበርን፤ የመናፈሻው ጥበቃ ከዳገቱ ሥር፣ ከትልቁ የመመገቢያ ዳስ አጠገብ አስቆመን። አይሪን ቢሮዎ ደውላ «እንግዲያው ምን እናድርጋቸው?» ብትል «ሌላ ትእዛዝ እስኪመጣ ባሉበት ይቁሙ፣ ማንም እንዳይነካቸው» ተባለች። ደንብ አክባሪ ሰዎች ስለሆንን አልነካናቸውም። ሰኞ፣ በሴፕቴምበሩ የሠራተኞች ቀን፣ እርስዎ ሁለት መቶ እንግዶችን ለምሳ የጋበዙት እዚያው ዳስ ውስጥ መሆኑን ዛሬ ከመጥሪያው ካርድ አየሁ። የአየር ትንበያው ዘጠና ዲግሪ ፋራናይት ሙቀትና ከታንከሮቹ ወደ ዳሱ የሚነፍስ ቀላል ነፋስ ነው ይላል። መልካም ምግብ ይሁንልዎ።