አማካይ ዕድሜና የአባባ ዓይን

ጥቅምት 6
ፈተና ሳርም ዋልኩ። ከሸጎሌ ታክሲ ጠፍቶ በእግሬ መጣሁ። አባባ ሬዲዮ ይሰማሉ። የአገራችን ሰው አማካይ ዕድሜ ስልሳ ሰባት ገደማ ነው ተባለ። እሳቸው ስልሳ ስምንት ናቸው። ሬዲዮውን ዘጉት።

ጥቅምት 9
አባባ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምናውን ትተውታል። ግራው ጨርሶ አያይም፣ ቀኙ ጥላ ብቻ...
"ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። አሁን በምርቃት ነው ያለሁት። ዓይን ለመቃብር ምን ያደርጋል?"
ወንድሜ ሙንዲርም "ሽማግሌ አታስጨንቂ፣ በቃ" ይላል።

ጥቅምት 10
በግ ተራው አጠገብ አባባ መኪና ሊገጫቸው ለጥቂት ተረፉ።

ጥቅምት 13
ለተማሪ እንደማስረዳ አስረዳኋቸው።
"አባባ፣ ቁጥሩ ዛሬ ለሚወለድ ሕፃን ነው። ሰው አሁን በሚሞትበት ልክ መሞቱን ቢቀጥል ተብሎ ይሰላል። በጨቅላነቱ የሚሞተውም፣ ዘጠና የሚደፍነውም አብሮ ይገባል። እርስዎ ያንን ሁሉ አልፈዋል። እርስዎ ዕድሜ ላይ የደረሰ ሰው በአማካይ ከአሥር ዓመት በላይ ይቀረዋል።"
"ማን ነገራቸው? አላህ?"
"ማንም። ቁጥሩ ስለ አንድ ሰው አያውቅም። የአገሩ ጤና ተሻሻለ ወይስ ባሰበት፣ እሱን ለማየት ነው።"
ከዚያ፣
"ሳቢትም ገብታበታለች?"
ሳቢት ታላቄ ነበረች። ሁለት ዓመት ሳይሞላት ኩፍኝ ወሰዳት። ስሟን ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም።
"እሷ እንኳ ከሞተች ቆየች፣ አባባ፣ በዛሬው ቁጥር አልገባችም። ግን ቁጥሩን ወደ ታች የሚስቡት እንደ እሷ ያሉት ናቸው።"
"እንግዲህ የልጆቹን ዕድሜ ማጠር በራሴ ላይ ነው የቆጠርኩት..."
ሻይ ቀዳሁላቸው።

ጥቅምት 14
ጠዋት፣ "ቀጠሮው ለመቼ ነበር?" አሉ።

ኅዳር 2
ቀኙን ሠሩላቸው። ሙንዲር ቀድሞኝ ደርሶ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ይንጎራደዳል። ያ ሁሉ "አታስጨንቂ" የት ገባ?

ኅዳር 3
ነርሷ ፋሻውን አነሣችላቸው። መጀመሪያ እጃቸውን አገላብጠው አዩ። ከዚያ እኔን። አተኩረው አዩኝ...
"ቶይባ፣ ሸበትሽ እንዴ?"
"ቆይቷል፣ አባባ።"
"ማንም አልነገረኝም።" ሻሼን ገፋ አድርገው ፀጉሬን በጣታቸው ከፈል ከፈል አደረጉት። "አንቺስ ስንት ዓመት ይቀርሻል ይላል፣ ያ ቁጥር?"
አማካይ በየዓመቱ አስተምራለሁ። የራሴን አስልቼ አላውቅም።
"እንጃ" አልኩ።
ወደ ነርሷ ዞሩ።
"ልጄ፣ ግራውንስ መቼ ነው የምትሠሩልኝ?"