ልብስ ሰፊው ራሱን ቻለ

ከእናቴ ቀጥሎ እናት ለሆንሽኝ ለታላቅ እህቴ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ እትዬ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ባልዲውን ብቻሽን እያነሳሽ «ምንም አልሆንኩም» ትያለሽ? የእማዬ ጉልበትስ እንዴት ሆነ? ባለቤትሽስ፣ ልጆችሽስ ደህና ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ ልልሽ ነበር፤ ግን ናፍቆቱ ሲበረታ ደህና ነኝ ማለቱም ውሸት ይመስላል።

መቼ ነው የምትመጣው ብለሽ ጠይቀሽኛል። ውሌ በዚህ ወር ያልቃል። ለሁለት ዓመት ላድሰው ወይስ ልተወው፣ አለቃችን መልሴን እየጠበቀ ነው። እስካሁን «በሽተኞቼን ለማን ትቼ?» እያልኩ ሳመካኝልሽ ኖሬያለሁ፤ በተለይ በልብስ ሰፊው።

ባለፈው ክረምት አለቃችን በኢንተርኔት የሚካሄድ የመማማሪያ ቡድን ውስጥ አስገባኝ። እንደኔው በየጤና ጣቢያው የሚሠሩ ነርሶች፣ አዋላጆችና ሐኪሞች በስልክ እየተገናኙ ስለ ሥራቸው ያወራሉ። አስተማሪ የለም፤ ሁሉም ያጋጠመውን ያመጣል። ነገሩ ባጭሩ፣ በሽተኛውን ከማዘዝ በፊት መጠየቅ፣ ሕመሙን ራሱ አውቆ እንዲይዘው ማገዝ ነው። እኔ ድምፄን አጥፍቼ ጥግ ይዤ ስሰማ ስለከረምኩ «ዝምተኛው» የሚል ስም አወጡልኝ። ዝም በል እያልሽ ጉሮሮሽ እስኪደርቅ ትጮኺብኝ ስለነበር፣ ይህን ስትሰሚ በሳቅ ትፈርሻለሽ።

ልብስ ሰፊው የደም ግፊት አለበት። ሐሙስ ሐሙስ እየመጣ እለካው ነበር። ከዚያ የደንበኞቹን ጉድ ያወራኛል፣ ኮቴን እያገላበጠ የሰፋውን ሰው ይሰድብልኛል። እዚህ ከሥራ ውጭ የሚያጫውተኝ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

ከቡድኑ በተማርኩት መሠረት መለኪያ ሰጥቼው ሱቁ ሆኖ እንዲለካ አሳየሁት። ይዞልኝ የመጣው ቁጥር ግን የሚያስደነግጥ ሆነ። መድኃኒቱን ላስጨምርለት ነው ብዬ ለቡድኑ ስናገር፣ አንዲት በሥራው የቆየች አዋላጅ ሲለካ ምን እያደረገ እንደሆነ ጠይቀኸዋል ወይ አለችኝ። አልጠየቅኩም ነበር። በማግስቱ ሱቁ ሄድኩ። ለካ ሰውዬው ሥራ መፍታት አይሆንለትምና መለኪያውን ክንዱ ላይ አስሮ የስፌት መኪናውን በእግሩ ይረግጣል! ምነው ስለው፣ «የሚሠራው እግሬ ነው እንጂ እጄማ አርፎ ተቀምጧል» ብሎኝ እርፍ።

ሳቄን ጨርሼ አስረዳሁት። ከዚያ ወዲህ መኪናውን አቁሞ፣ ትንሽ አረፍ ብሎ ይለካል፤ ቁጥሩም ወረደ። ጨው እንዴት እንደሚቀንስ የመረጠው እንኳ ራሱ ነው። መቼ ሐኪም ጋ መምጣት እንዳለበት፣ መቼ እንደማያስፈልገው አሁን ለይቶ ያውቃል። እናም ሐሙስ ሐሙስ መምጣቱን ተወ።

ይህን ለቡድኑ ስነግር ሁሉም አጨበጨቡልኝ። እኔ ግን ሆድ ባሰኝና የስልኬን ካሜራ አጥፍቼ ቁጭ አልኩ። አዋላጇ ነገሩ ገብቷት ኖሮ ለብቻዬ ደወለችልኝ። በሽተኞቻችንን የምንጠይቀውን ጥያቄ ወደኔ አዙራ፣ «አንተስ? ለአንተ የሚያስፈልግህ ምንድነው?» አለችኝ። ምስጋናዬን ብቻ አጉረምርሜ ዘጋሁት።

ትናንት በሱቁ በር ሳልፍ ልብስ ሰፊው ከመኪናው ቀና ብሎ እጁን አውለበለበልኝና «ደህና ነኝ፣ ሥራ አትፍታልኝ» አለኝ። ደግ ሰው ነው፤ ለኔ ማሰቡ ነው። መንገዱን እስክጨርስ ግን ዓይኔ እንባ አቀረረ። እትዬ፣ ያለ እኔ አይሆንለትም እያልኩ ስጽፍልሽ፣ ለካ ያለ እሱ ያልሆነልኝ እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት አለቃዬ ቢሮ ገብቼ ውሉን እንደማላድስ ነገርኩት። ለአዋላጇም መልሴን ላክሁላት፤ የሚያስፈልገኝ ቤቴ ነው አልኳት።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ መምጣቴን ግን ቀስ ብለሽ ንገሪያት። ለባለቤትሽ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ትልቋን ልጅሽን ጎበዝ በያት፤ መንታዎቹን ደግሞ ጉንጫቸውን ቆንጥጪልኝ። አልጋዬን ልጆቹ ይዘውት ከሆነ አታስለቅቂያቸው፤ መሬትም ቢሆን እተኛለሁ። ብቻዬን እራት መብላት ነው ያቃተኝ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከጤና ጣቢያው ጀርባ ካለችው ክፍሌ
የካቲት 11 ቀን