«ለውጥ የለም» ስለተባለው ጡቴ

ለተከበረው የሆስፒታሉ የጡት ሕክምና ቦርድ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለሰብሳቢውና ለአባላቱ በሙሉ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ፍጹም ጤንነትን እመኝላችኋለሁ። ስለ ራሴ ጤንነት በዚሁ ብገልጽላችሁ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን እሱን የምታውቁት እናንተ ናችሁ ተብዬ እናንተን መጠየቅ ከጀመርኩ እነሆ ዓመት ሞላኝ።

እኔ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ የምተዳደር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለፈው ዓመት በግራ ጡቴ ካንሰር መገኘቱን፣ ሆኖም ገና ጅምር ስለሆነ ከወተት መተላለፊያው ቱቦ አለመውጣቱን፣ ምናልባት ዕድሜ ልኬን እዚያው ሊቀር፣ ምናልባትም ሊወጣ እንደሚችል በትሕትና አስረድታችሁኛል። ሐኪሙ ራጁን መብራት ላይ ሰቅለው የአሸዋ ቅንጣት የሚያካክሉ ነጫጭ ነጥቦችን አሳዩኝ፤ ካልበዙ ሳንነካው ልንከታተለው እንችላለን፣ ከበዙ ግን ቀዶ ሕክምና ነው አሉኝ። ከዚያም ሁለት ሳጥኖች ያሉበት ቅጽ አቅርበው፣ እስክሪብቶውን ጭምር አቀብለውኝ፣ «ምርጫው የእርስዎ ነው» አሉ።

ለዚህ ክብር ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቤት ገብቼ ባማክር ታላቅ እህቴ ዛሬውኑ ተቆርጦ ይውጣልሽ ብላ አለቀሰች። ባለቤቴ ደግሞ ከተጋባን ጀምሮ ለግድግዳ ቀለም እንኳ ሳያማክረኝ የኖረ ሰው፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ብቻ አንቺ ያልሽው ይሁን ብሎ ሥልጣኑን በሙሉ አስረከበኝ። የእናንተን ትምህርት ሳልማር በእናንተ ሥራ ላይ ተሾምኩ። ቢላውን ስለፈራሁ ክትትል የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረግሁ።

አሁን ጊዜያችሁን ሳልሻማ ወደ ጥቃቅን ቅሬታዎቼ ልለፍ።

አንደኛ፣ የስድስት ወር ቀጠሮዬ የራጅ መሣሪያው ተበላሽቶ ዘጠኝ ወር ሆኗል። ካንሰሩም እንደ እኔ ወንበር ይዞ ተራውን በትዕግሥት ሲጠብቅ እንደቆየ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሁለተኛ፣ በነዚያ ሦስት ወራት በደወልኩ ቁጥር የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ አትጨነቂ፣ ጭንቀት ለበሽታሽ ጥሩ አይደለም ስትል መክራኛለች። ምክሯን በሥራ ላይ ለማዋል እየጣርኩ ነው።

ሦስተኛ፣ በመጨረሻ ራጅ ተነሥቼ ከነፊልሙ የተሰጠኝ ውጤት «ከቀድሞው ራጅ ጋር ሲነጻጸር ለውጥ የለም» ይላል። ወረቀቱን ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሳምኩት፤ ለእህቴም ደውዬ አበሠርኳት። በሳምንቱ ቁም ሣጥኔን ስወለውል ግን አናቱ ላይ አንድ ቡናማ ኤንቨሎፕ አገኘሁ። የቀድሞው ራጅ ነው። መዝገብ ቤታችሁ ሞልቷልና አንቺው ጋ ይቀመጥ ተብዬ ከተረከብኩ ወዲህ ማንም አምጪ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ አናት ላይም ወርዶ አያውቅም። ታዲያ ከምን ጋር እንደተነጻጸረ ለመጠየቅ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ መዝገብ ቤቱ ወደ ራጅ ክፍል፣ ራጅ ክፍሉ ወደ ሐኪሙ፣ የሐኪሙ ቢሮም ወደ ሌላ ቀጠሮ በአክብሮት ሸኝተውኛል።

የተከበራችሁ የቦርድ አባላት፣ ቀዶ ሕክምናው ይሻለኝ ነበር አልልም። አላውቅም፤ የቸገረኝም እሱ ነው። ብቻ መከታተል ሲባል አንድ የሚያይ ሰው ያለበት ነገር መስሎኝ ነበር የፈረምኩት። አሁን ልመርጥ ብል እንኳ በምን ላይ ተመርኩዤ እንደምመርጥ የሚነግረኝ አጥቻለሁ፤ ደክሞኛልም።

ለተደረገልኝ መስተንግዶ ሁሉ ውለታችሁን መክፈል እንደማልችል እየገለጽኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ምርጫው የእርሷ የሆነው ታካሚያችሁ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ሁለቱንም ራጆች የስፌት ቤቴ መስኮት ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቅዬ በቀን ብርሃን አስተያይቻቸዋለሁ። በመጀመሪያው ላይ ሰባት ነጥብ ቆጠርኩ፣ በሁለተኛው ላይ አሥራ አንድ። አቧራ ይሆናል ብዬ ሁለቱንም በንጹሕ ጨርቅ ጠርጌ እንደገና ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ነው።