የሐሙሱን ቀጠሮ አልተውም

ለተከበሩት ወንድም ጋሼ ገብረትንሣኤ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የደብረ ሲና ብርድ ጀመረዎት ወይስ ገና ነው? እትዬ ሙሉነሽስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? ስለ እማዬ ወደ ታች እጠይቃለሁ። እኔ፣ ደጀኔና ልጃችን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብንም። የመጋረጃ ስፌቱም ኢምፔሪያል አካባቢ በየቀኑ አዲስ ሕንፃ ስለሚቆም ፋታ አይሰጠኝም።

ደብዳቤ የጻፍኩት ስልኩ ስላልሆነልኝ ነው። ይህን ነገር ባነሳሁ ቁጥር «ኔትወርኩ ይቆራረጣል» ይሉኛል፤ ስለ ማሽላው ሲያወሩ ግን አይቆራረጥም።

በአክስታችን ልጅ በሊባኖስ የላኩብኝ ቃል ደርሶኛል። የቤታችንን ገመና አትላስ ድረስ እየሄደች ለማታውቃት ሴት መዘርገፏን ታቁም፣ ንስሐ አባት አላት፣ ዓመት ሙሉ ተወርቶ የማያልቅ ነገር ምንድን ነው ብለዋል አለኝ። ቁርጡን ልንገርዎ ወንድም ጋሼ፣ አላቆምም።

ሴትዮዋ ቤዛዊት ትባላለች፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። ሐሙስ ሐሙስ አንድ ሰዓት ያህል ቁጭ ብዬ አወራለሁ፣ እሷ ትሰማለች፣ አንዳንዴ ትጠይቀኛለች። በቃ ይኸው ነው። መጀመሪያ ላይ እኔም እንደ እርስዎ ነበርኩ። ወሬ ከሆነ ፀጉር ቤትም ይወራል እያልኩ ሁለት ጊዜ ትቻት ተመልሻለሁ። ሰባት ስምንት ወር ማልቀሴ እንጂ መዳኔ አልታየኝም ነበር።

የማወራው ምን እንደሆነ ይስሙት። አባባ ሲሞት የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ለእርጉዝ መርዶ አይነገርም ብላችሁ ደበቃችሁኝ፤ ልጄ ተወልዳ ክርስትና እስክትነሳም ጠበቃችሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ስደውል «ተኝቷል» ትሉኝ ነበር። ለብርዱ ይሆነዋል ብዬ ሹራብ ላክሁለት። እርስዎ ራስዎ ደውለው «ልኩ ነው፣ በጣም ወዶታል» አሉኝ። አባባ ከተቀበረ ሁለት ወሩ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ጎህ ሳይቀድ በር ተንኳኳ፤ ብከፍት ዘመድ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል።

ለደግ እንዳሰባችሁ አውቃለሁ። ግን ከዚያ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር ሌሊትም ቢሆን ደጀኔን ቀስቅሼ አስከፍታለሁ፤ ሰው «ተኝቷል» ሲለኝ ሞቷል ማለቱ ይመስለኛል። ደጀኔ ሲተኛ እንኳ ትንፋሹን አዳምጣለሁ። ሆድ ይፍጀው ብለን ነው ያደግነው፤ እኔን ግን ሆዴ ፈጀኝ። ንስሐ አባቴን አልተውኩም። እሳቸው ኃጢአቴን ይሰማሉ፤ ይሄ ግን የእኔ ኃጢአት አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያለ ያሳደገንም አባባ ራሱ ነው።

ጥቅሙ ምንድን ነው እንዳይሉኝ፣ ባለፈው ሳምንት ገና ሳይነጋ በር ተንኳኳ። ጎረቤት ነው፤ መኪና መንገድ ዘግቶበት የእናንተ ነው ወይ ሊል። ተነስቼ ከፈትኩለት። ደጀኔን አልቀሰቀስኩም። ለእርስዎ ምንም ላይመስልዎት ይችላል፤ ለእኔ ግን የዓመት ሥራ ነው። ቤዛዊት ገና ብዙ ይቀረናል ብላለች፤ እኔም ይቅረን ብያለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ካሉኝም ይበሉኝ።

አሁን ወደ እማዬ ልመለስ። በዚህ ሳምንት ሁለት ጊዜ ደውዬ አገናኙኝ ብል ሁለቱንም ጊዜ «ተኝታለች» አላችሁኝ። አንዱ በጠራራ ፀሐይ፣ በስምንት ሰዓት ነው። እውነት ተኝታም ሊሆን ይችላል። ታማም ከሆነ ሕመሟን ንገሩኝ፤ እችለዋለሁ። ዳግመኛ ሹራብ ልኬ «ልኩ ነው» መባል ግን አልችልም።

ለእትዬ ሙሉነሽ፣ ለልጆቹ በየስማቸው፣ ለጎረቤታችን ለእማማ አልማዝም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ደጀኔ እጅ ነስቷል። ልጄ የአጎቷን ጉልበት ትስማለች። ለእማዬ ግን በእርስዎ በኩል ሰላምታ አልልክም። የፊታችን እሑድ ከላምበረት በመጀመሪያው መኪና ተሳፍሬ ራሴ አደርሳለሁ። ተኝታ ከሆነ እስክትነሳ አጠገቧ እቀመጣለሁ።

እህትዎ ፈለቀች
ገርጂ፣ አዲስ አበባ
ሐሙስ፣ ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም.