ለፊታውራሪ ከብስክሌት መውረዴ

ሰኞ፣ ኅዳር 8 ቀን 1956

ፊታውራሪ ዘገየን ከፈረስ ጣልኳቸው። ጉድ ፈላ!

ከማዘጋጃ ቤት በብስክሌት ወደ ቤቴ ስወርድ ፊታውራሪ በፈረስ ይመጣሉ። እንዴት ብዬ ተቀምጬ ልለፋቸው? በእኛ አገር ታላቅ ሰው ሲገጥም ከበቅሎ ተወርዶ ነው እጅ የሚነሳው። ባለጌ እንዳልባል ተጣድፌ ዘልዬ ወረድኩ። ብስክሌቱ ከእጄ አምልጦ ድንጋይ ላይ ተንጓጓ። ፈረሱ ደነበረ። ሽማግሌው መሬት ላይ ናቸው።

ቀኝ እጃቸው ተሰብሯል። ወጌሻ ጠግኖ በቀርከሃ ስንጣሪ አሰረላቸው። ብስክሌቴ ግን ምንም አልሆነ፤ እሱም አሳፈረኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ይሄ ሁሉ በየትኛው ሳምንት? የዳንግላ መንገድ ፕላን በእጄ ባለበት ሳምንት! ከገበያው እስከ ቆሰበር መውጫ የሚሰፋውን መንገድ የነደፍኩት እኔ ነኝ። መሃሉን ለጭነት መኪና፣ ግራና ቀኙን ለፈረስና ለአህያ፣ ዳሩን ደግሞ ሁለት ክንድ ያህል ለብስክሌት። በከተማው ብስክሌት ያለን አምስት ሰዎች ነን፦ ሁለት አስተማሪዎች፣ በሽተኛ የሚያክመው ድሬሰር፣ ባለሱቁ አቶ ኑሩና እኔ። ለአምስት ሰው መንገድ ይባላል? ግን ነገ ይበዛል ብዬ ነው።

ዛሬ የማዘጋጃ ቤቱ ሹም አቶ አድማሱ አስጠሩኝ። “ሐሙስ ሽማግሌዎች ፕላኑን ያያሉ። ፊታውራሪ ብስክሌት ይቅርብን ካሉ መስመርህን እሰርዛለሁ፤ ብስክሌት የሚባልም ከተማ አይገባም። ለአንተም እንጃልህ” አሉኝ። ምሳ አልበላሁም።

የሚያስፈራኝ ብዙ ነው። እጃቸው ባይድንስ? ልጆቻቸውስ? አራት ናቸው፣ ሁሉም ፈረሰኛ። ከሥራ መባረሩስ? ድሬሰሩ ወደ ገጠር በእግሩ ሲኳትን በሽተኛ ቢሞት፣ ያም የኔ ጦስ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ሚስቴ ጥሩነሽ “ሄደህ እግራቸው ላይ ውደቅ” አለችኝ።

“ልጆቻቸው ቢመቱኝስ?”

“ቢመቱህ ይወጣላቸዋል።”

እንዲህ ነች። በእግሬ ሄድኩ። ከበራቸው ሦስቴ ተመለስኩ፤ በአራተኛው እንደ ደንቡ ድንጋይ በጫንቃዬ ተሸክሜ ገባሁ። ትልቁ ልጃቸው ብድግ አለ። ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ፊታውራሪ በአገውኛ “ተቀመጥ” አሉት። ወደኔ ዞረው፣ “አውርደው፣ አንገትህን ሰብረህ ደግሞ ወጌሻ ታስጠራናለህ” አሉ።

ይቅር አሉኝ? አላሉም። “ነገ እንተያያለን” ብቻ። ይሄ ምን ማለት ነው? ሳወጣ ሳወርድ ዋልኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ሽማግሌዎቹ አዳራሹ ውስጥ ተቀመጡ። ንድፉን ስዘረጋ ላቤ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ። አቶ አድማሱ ገና ስለ ብስክሌት ሊጀምሩ ሲሉ ፊታውራሪ በደህናው እጃቸው ዝም አሰኟቸው።

“ልጁ ተቀምጦ ቢያልፍ ኖሮ ፈረሴ አይደነብርም ነበር” አሉ። “እኔን የጣለኝ አክብሮቱ ነው። በቅሎ ከላይዋ ሲወርዱ ትቆማለች፤ ይሄ ብረት ግን ሲወርዱ ይወድቃል። መስመሩ ይኑር። ከፈረሱ መንገድ ግን በቦይ ይለይልኝ። ብስክሌት ላይ ያለ ሰው ለማንም አይውረድ፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ይለፍ።”

“ለእርስዎም?” አሉ አንድ ሽማግሌ።

“ለኔ ይቅርና ለወለደው አባቱም!”

ሁሉም ሳቁ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም፤ ዕንባዬ ነው የመጣው። ተመስገን፣ መስመሩም እንጀራዬም ተረፉ። አዲሱን ደንብ በማስታወቂያ በእጄ ጽፌ ገበያው ላይ ለጠፍኩ።

ስመለስ አቶ አድማሱ፣ “ነገ ለሚካኤል ሕዝቡ ሁሉ መንገድ ላይ ነው። አንተው በብስክሌት እለፍና ደንቡን አሳያቸው” አሉኝ። እሺ አልኩ። ምን ልበል?

ነገ አባቴ ከአዘና ለንግሡ ይመጣል። ፊደል አይለይም፤ የተለጠፈውን ማን ያነብለታል? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልጁ ሳይወርድለት ሲያልፍ ያየዋል።