ምሳ ሰዓት ላይ መጋዘን ስለቀየሩት በርሜሎች

ለተከበሩ የኦዲት ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

እንደምን ሰነበቱ? የእርስዎም የባለሙያዎችዎም ጤና፣ በተለይም የዓይናችሁ፣ እንደተጠበቀ እንዲቆይ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝ። ከቀለም ፋብሪካው የታገደችው የመጋዘን ኃላፊ ልጄ ናት። በሚቀጥለው ሳምንት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች፤ ማስረጃው የእናንተ ቆጠራ ስለሆነ፣ አካሄዱን በትሕትና ላስታውስዎ።

፩. ባለሙያዎችዎ የሚመጡበትን ቀን ለፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አስቀድመው በማሳወቃቸው አመሰግናለሁ። እኔም የፈተና ቀን እናገር ነበር። የትኛውን መጋዘን በስንት ሰዓት እንደሚቆጥሩ ጭምር መንገራቸው ግን ከእኔ ይልቅ ደግ መምህራን ያደርጋቸዋል።

፪. ጠዋት በታችኛው መጋዘን የነበሩትን በርሜሎች ቆጠሩ። በተቆጠረው ላይ ምልክት አላደረጉም፤ ጠመኔ መወደዱን እረዳለሁ። ልጄ ሁለቱም መጋዘኖች ተቆጥረው እስኪያልቁ በሮቹ ይታሸጉ ብትላቸው የቡድኑ መሪ፣ «እህቴ፣ አትጨነቂ፣ በርሜል እግር የለውም» አሏት። ከዚያም በሥራ አስኪያጁ ጋባዥነት ምሳ ሄዱ። በርሜሎቹም በሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ መኪና ላይ ተጭነው ወደ ላይኛው መጋዘን ሄዱ፤ ከሰዓት በኋላም እዚያ እንደ አዲስ ተቆጠሩ። ልጄ ይህንኑ ስትነግራቸው ቅጹ ስለተሞላ በኋላ እንደሚያዩት ገለጹላት። ያ «በኋላ» እስከ ዛሬ አልደረሰም።

እኔ የሁለት ክፍል ተማሪዎችን ስም ስጠራ ሁሉንም በአንድ ሰዓት አስቀምጥ ነበር፤ አንዱ ልጅ በሁለቱም ክፍል «አቤት» እንዳይል። ይህንን ለመማር ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም።

፫. ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከወራት በኋላ ሌላ የቆጣሪዎች ቡድን ሳይታሰብ መጥቶ ከተመዘገቡት በርሜሎች ግማሹን አጣ። በቆጠራው ቀን ሙሉ ነበር ብላችሁ ስለፈረማችሁ፣ የጎደለው ከዚያ በኋላ በልጄ እጅ ነው ተባለ።

አታለቅስም። በሥራ ሰዓቷ ትነሳለች፣ ትለብሳለች፣ ሶፋው ላይ ትቀመጣለች።

የምለምንዎ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በቆጠራው ቀን በሮቹ እንዳልታሸጉ ለኮሚቴው ይጻፉልን።

ጊዜዎን ስለሰጡን፣ ልጄንም ከሥራ ድካም ስላሳረፉልን በማመስገን፣ ከማያልቅ አክብሮት ጋር፣

የመጋዘን ኃላፊዋ አባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለሙያዎችዎ ቤታችንን ቢቆጥሩልን ደስ ይለናል። ጠዋት ሶፋው ላይ አንዲት ልጅ ያገኛሉ። ምሳ በልተው ሲመለሱ ጓዳ ውስጥ ያገኟታል። እባክዎ፣ ሁለት ብለው እንዳይመዘግቡ፤ ያለችን እሷው ናት።